ሲስተም የሚባለው ሰውዬ

ሲስተም የሚባለውን ሰውዬ የተቀየምኩት ገና መልኩን ሳላየው ነው።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ የከሰዓት ፈረቃ ታስተምር ስለነበር፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ አባቴ ሱቅ እሄዳለሁ። አብረን ወደ ቤት እስክንገባ ድረስ ባንኮኒው ስር የአምፖል ካርቶን ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። እሠራለሁ ማለት እንኳ ይከብዳል። እርሳሴን እየነከስኩ የትልልቅ ሰዎችን ወሬ እለቅማለሁ ብል ይሻላል።

ሱቅ እንለዋለን እንጂ የኤሌክትሪክ ዕቃ ማከፋፈያ ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ጣሪያ የሚነኩ መደርደሪያዎች፣ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ደግሞ መጋዘን። ውስጡ አዲስ ፕላስቲክ፣ ፕላስቲክ ይሸታል። ደንበኛ ሲመጣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ ከባንኮኒው ሆና "ባለሁለት ሶኬት አለን?" ብላ ትጮሃለች። የመጋዘኑ ኃላፊ ከውስጥ "ሞልቷል!" ብሎ ይጮሃል። ደረሰኝ ይጻፋል፣ አለቀ። የመጋዘኑን ኃላፊ ሁሉም "ጋሽ አምፖል" ይለዋል፤ አናቱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም፣ መብራት ሲያርፍበት ያበራል። እሱ ራሱ ስልክ ሲያነሳ "ሃሎ፣ አምፖል ነኝ" ይል ነበር።

አንድ ቀን አባቴ እራት ላይ፣ "ሲስተም ላስገባ ነው" አለ።

እናቴ ጉርሻዋን ይዛ ቆመች። "ይችላል ግን?"

"ሁሉን ይችላል ነው የሚሉኝ። ይቆጥራል፣ ደረሰኝ ይጽፋል፣ ዕቃ ሊያልቅ ሲል ቀድሞ ይናገራል። እንቅልፍ የለው፣ ፈቃድ አይጠይቅ፣ አይሰርቅ።"

"አምፖልስ?" አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"አምፖል ይለምደዋል።"

እኔ እንግዲህ አዲስ ሠራተኛ ሊቀጠር ነው ብዬ ተኛሁ።

የተደረገለትን አቀባበል ሳይ ደግሞ ተራ ሠራተኛ እንዳልሆነ ገባኝ። የመጋዘኑ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል በነጭ ቀለም ተቀባች። ማቀዝቀዣ ተገጠመላት። እኛ በቆርቆሮው ስር እንደ ድንች እየተቀቀልን፣ አክስቴ በደረሰኝ ጥራዝ ራሷን እያራገበች፣ ለሱ ማቀዝቀዣ! "ሙቀት አይችልም" ተባለ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማንበብ የለመድኩት በቅርቡ ስለነበር ጽሑፍ ካየሁ አላልፍም፤ ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ "ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው።"

በረዶ ቤት ውስጥ ዘግተውበት ምግብ ከልክለውታል ማለት ነው።

ይሁንና መጀመሪያ ላይ አላሳዘነኝም። ኩራቱ! አክስቴ ፊት የጽሕፈት መኪና የመሰለ ነገር፣ ቴሌቪዥን የመሰለ ነገር ተቀመጠላት፣ ከዚያ በኋላ ያለ ሲስተም ፈቃድ ከሱቃችን ሚስማር አይወጣም። አባቴ፣ ቤት ውስጥ ሲያስነጥስ ድመቷ አልጋ ስር የምትገባለት አባቴ፣ አክስቴ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ "ምን ይላል?" ብሎ ይጠይቃል።

"እምቢ አለ" ትላለች አክስቴ።

"ለምን?"

"ምክንያቱን አይናገርም። እምቢ ነው ያለው።"

አባቴም ይቀበላል! እኔ አንድ ቀን ምክንያት ሳልናገር እምቢ ብል የሚደርስብኝን አውቀዋለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ "ቆይ፣ ሲስተም ውስጥ ልግባና ልየው" ትላለች። ሰው ሰው ውስጥ እንዴት ይገባል? ብዙ ካሰብኩበት በኋላ ልቡ ውስጥ ማለቷ ነው ብዬ ደመደምኩ። ምክንያቱም ስትገባ አንድ ቃል በምስጢር ትጠቀም ነበር፤ አባቴ እንኳ እንዳያይ በክንዷ ትከልለዋለች።

ከሁሉም የከፋው ጋሽ አምፖል ነው። "አርባ የግድግዳ መብራት አለ ይላል" ይላል የመጋዘኑን መጋረጃ ገልጦ እየወጣ። "የት አለ? እኔ መደርደሪያው ስር ቆሜ ነው የማየው፣ እሱ ግን ተዘግቶበት ተቀምጦ አለ ይለኛል። ውሸታም!"

"ሲስተም አይዋሽም፣ ጋሽ አምፖል።"

"ታዲያ ማነው የሚዋሸው? እኔ ነኝ? ይሄ ነገር እኔን ሳያባርር አይተኛም።"

"አሁንስ መቼ ተኝቶ ያውቃል?" ትለዋለች አክስቴ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው አርባዎቹ የግድግዳ መብራቶች በተሳሳተ ስም ተመዝግበው እንደነበር አውቃለሁ። ያኔ ግን የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሲስተምና ጋሽ አምፖል በዚህች ምድር ላይ አብረው አይኖሩም።

ከዚያ ሲስተም መውደቅ ጀመረ።

መጀመሪያ የወደቀ ቀን ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር። አክስቴ ተነስታ "ሲስተም ወድቋል!" አለች። እኔ ከካርቶኔ ላይ ዘለልኩ። ሌላው ግን እንኳን ሊያነሳው ሊሮጥ፣ ከቦታው ንቅንቅ ያለ የለም። አንዱ ደንበኛ ሰዓቱን አየ። አንዷ "አይ፣ እዚህም ወደቀ? አሁን ከባንክ ነው የመጣሁት፣ እዚያም የለም ብለው መለሱኝ" አለች። ባንክም ይሠራል ማለት ነው! ሁለት ቦታ ሲሮጥ እንዴት አይወድቅ?

አባቴ "ሐኪሙን ጥሩት!" ብሎ ጮኸ።

ሐኪሙ በሞተር ብስክሌት መጣ። ሲስተምን የሸጠልን ኩባንያ የሚልከው ባለሙያ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ጥቁር ቦርሳ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪና አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ነው። ጉሮሮዬን ያየኝም ሐኪም እነዚሁ ነበሩት። ቀጭን ነው፣ ሲናገር ጫማውን ነው የሚያየው። አክስቴ ቁልፉን ሰጠችው፣ ደንበኞቹን አረጋግታ ተከተለችው፣ በሩ ተዘጋ።

ቆዩ። ሲወጡ አክስቴ እየሳቀች ነበር። የታመመ ሰው ጠይቆ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

"ተነስቷል" አለ ሐኪሙ ለጫማው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስተም ጤና አልነበረውም። ዛሬ ይወድቃል፣ ነገ ይነሳል፣ ሐሙስ ደግሞ ያለጥርጥር ይወድቃል። እኔም ጥላቻዬ እየለዘበ መጣ፤ በኋላማ አንጀቴን በላኝ። ብርድ ቤት ውስጥ፣ ብቻውን፣ ምግብ ተከልክሎ፣ ደንበኛው ሁሉ ስሙን እየጠራ ሲያማርረው። ስለዚህ በወደቀ ቁጥር ከምሳ ዕቃዬ ብስኩት አውጥቼ፣ በሶፍት ጠቅልዬ፣ ሐኪሙ ከመድረሱ በፊት በበሩ ስር ወደ ውስጥ እገፋው ጀመር። በማግሥቱ በክፍተቱ አጎንብሼ ሳይ ብስኩቱ የለም። በልቷል! እንዴት ደስ እንዳለኝ።

አንድ ቀን አባቴ ባንክ ሄዶ፣ ጋሽ አምፖል የመጣ ዕቃ እያወረደ፣ እኔ የሽቦ ጥቅሎቹ ውስጥ ተደብቄ ስጫወት አክስቴ ቀስ ብላ መጣች። ግራ ቀኝ አየች። የሲስተምን በር ከፍታ ገባች። ምንም ያህል አልቆየችም። ወጣች፣ ቆለፈች፣ ከኪሷ መስታወት አውጥታ ከንፈሯን ቀለም ተቀባች፣ አፏን ገጠም ከፈት አደረገች፣ ወደ ባንኮኒው ተመለሰች። ከዚያ ድምጿ ተሰማ፦

"ውይ! ሲስተም ወደቀ!"

ክው አልኩ። አክስቴ ናት የምትጥለው።

ዝንብ እንኳ በመጽሔት ከመምታት በመስኮት መሸኘት የምትመርጥ አክስቴ የታመመ ሰው ትመታለች! ማን ይሙት ለምን? ምናልባት ጋሽ አምፖልን ከመባረር ልታድን ነው ብዬ አሰብኩ። የከንፈር ቀለሙን ግን ከየትም ጋር ላዛምደው አልቻልኩም። ለማንም አልተናገርኩም። ብስኩቱን ወደ ሁለት አሳደግኩት፣ እሱ ብቻ።

አባቴ ግን መታገሥ አቃተው። አንድ ከሰዓት በኋላ የኩባንያውን ኃላፊ ራሱን አስጠራው። ባለ ክራባት፣ ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ሐኪሙ ከኋላው ቦርሳውን ታቅፎ ቆሟል። አክስቴ ባንኮኒው ላይ እጇን አጣምራ። ጋሽ አምፖል መጋረጃው መሃል አናቱን ብቅ አድርጎ። እኔ ባንኮኒው ስር፣ ጆሮዬን ቀስሬ።

"እኔ የገዛሁት ሲስተም ነው ወይስ የሚጥል በሽታ?" አለ አባቴ። "ደንበኛ አስቀምጬ ጣሪያ ማየት ሰለቸኝ!"

"ይቅርታ እንጠይቃለን" አለ ባለ ክራባቱ። "ጥፋቱ የባለሙያው ነው። ይሄን ያህል ተመላልሶ ችግሩን ካላገኘው እኛም አያስፈልገንም። ከዛሬ ጀምሮ እናሰናብተዋለን፣ ሌላ እንመድባለን።"

አክስቴ ትንፋሿን ስትስብ እስከ ባንኮኒው ስር ተሰማኝ።

"ሌላ አልፈልግም! ሲስተሙንም አውጥታችሁ ውሰዱልኝ። ዛሬውኑ! በወረቀት ስንሠራ ምን ጎደለን?"

"ምንም!" አለ ጋሽ አምፖል ከመጋረጃው።

ወደ ውጪ አየሁ። ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። እሱ ሙቀት አይችልም። ተሸክመው እዚያ ካወጡት ይሞታል።

ከባንኮኒው ስር ወጣሁ። "እሱ ምንም አላደረገም! እሷ ናት የምትጥለው!"

ሁሉም ወደ ታች አየኝ።

"ማነው የሚጥለው?" አለ አባቴ።

"አክስቴ! ሲስተምን አክስቴ ናት የምትጥለው! አንተ ባንክ ስትሄድ ትገባና ትመታዋለች፣ ከዚያ ከንፈሯን ትቀባና ሐኪሙን ትጠራለች!"

 አክስቴ ፊቷ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቲማቲም መሰለ። አባቴ ዓይኑን ከሷ ላይ ሳያነሳ በዝግታ ጠየቃት።

"ልጅቷ ምንድነው የምትለው?"

ዓይኗን በጨው አጥባ ልትክድ ትችል ነበር፤ ውሸት ግን ይከብዳታል። አገጯን ቀና አደረገች። "አልመታሁትም። ኬብሉን ነው የምነቅለው።"

"ኬብሉን!"

"ሦስት ጊዜ። ቢበዛ አራት።"

"አራት? ወር ሙሉ ሲወድቅ የከረመውስ?"

"ሌላውን እኔ አይደለሁም። ሐሙስ ሐሙስ የሚወድቀውን ፈጽሞ አላውቀውም። እናቴን!"

 ከዚያ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ ባለ ክራባቱ፣ ቀጥሎ አባቴ፣ መጨረሻ ላይ አክስቴ፣ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። ሐኪሙ ጫማውን እያየ ነበር። ጆሮዎቹ ግን የቀይ መብራት ያህል ቀልተዋል።

"የሐሙሱ..." አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "የሐሙሱ እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ በራሱ እንዲቆም አንዲት መስመር ጽፌበት ነው።"

"አንተ?!" አለች አክስቴ።

"አንቺ?!" አለ እሱ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም ቀና ያለው። "እኔ ኬብሉ ተበላሽቷል ብዬ በራሴ ወጪ ስንቴ ቀየርኩት!"

"እኔስ? የሐሙሱ ከመብራት መዋዠቅ መስሎኝ ጋሼን ለምኜ ማረጋጊያ አስገዛሁት!"

"ያን ውድ ማረጋጊያ!" ብሎ አባቴ ራሱን ያዘ።

መጀመሪያ የሳቀው ጋሽ አምፖል ነው። መደርደሪያውን ይዞ፣ አናቱ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ፤ አንድ ካርቶን ሶኬት ወደቀ። ሌላ ግን ማንም አልሳቀም። ባለ ክራባቱ "ነገ ቢሮ እንነጋገራለን" ብሎ ሐኪሙን በዓይኑ ወደ በሩ ነዳው። አባቴ መዳፉን ዘረጋ፣ አክስቴ ቁልፉን አስቀመጠችበት።

ከዚያ እጄን ይዞ ወደዚያች ክፍል ወሰደኝ።  ምን እንደምለው አዘጋጅቼ ነበር፤ "እንደምን ዋልክ፣ ተሻለህ?" ልለው ነው። አባቴ በሩን ከፈተ። ግራጫ ሳጥን። ጠረጴዛ ላይ። ሁለት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

"እሱስ የታለ?" አልኩ።

"ይኸው። ሲስተም ይሄ ነው። ዕቃ ነው፣ ሰው አይደለም።"

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አልጋ የለም። ወንበር እንኳ የለም። "ዕቃ ከሆነ አንተ ለምን ትፈራዋለህ?"

አባቴ ወደ ማቀዝቀዣው ቀና አለ። "ነይ፣ ብርድ ይመታሻል" ብሎ አወጣኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ደስ አይሉም። አባቴ እህቱን ከሥራ ጉዳይ በቀር አያናግራትም። በወንድሟ ሱቅ እንደዚያ ማድረጓ ሳይሆን በባዕድ ሰው ፊት መሆኑ ነው ያንገበገበው። እሷም እኔን አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብላ ትተይባለች። የከንፈር ቀለም የለም። ሐኪሙ ከሥራው እንደወጣ ጋሽ አምፖል ሰምቶ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስተምን ሳይሳደብ ዋለ። ሲስተሙ ራሱ፣ ያ ጉደኛ፣ አንድ ቀን እንኳ አልወደቀም። በዚህም አባቴ ከሱቁ አስወጣዋለሁ ማለቱን ተወ።

እሁድ ቀን በራችን ተንኳኳ። አባቴ ከፈተ። ሐኪሙ ነው። ቦርሳ የለ፣ ገመድ የለ፣ ሸሚዙ ከመተኮሱ የተነሳ እንደ ካርቶን ቆሟል።

"ዛሬ ደግሞ ምን ወደቀ?" አለው አባቴ በሩን እንደያዘ።

"ምንም አልወደቀም፣ ጋሼ። ለራሴ ጉዳይ ነው የመጣሁት።"

አባቴ መልሶ ሊዘጋው ነበር መሰለኝ፣ እናቴ ከኋላው "ግባ፣ ልጄ" አለች። ሳሎን ተቀመጠ። አክስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ አይታው፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

"ሥራ የለህም" አለ አባቴ።

"ሰኞ አዲስ እጀምራለሁ። ሌላ ኩባንያ።"

"እዚያም ሐሙስ ሐሙስ ትጥልላቸዋለህ?"

"አይ፣ ጋሼ። እዚያ እህትዎ የለችም።"

እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አባቴ ግን አልተበገረም። "ቆይ፣ እኔ አልገባኝም። ሁለታችሁም አፍ አላችሁ። ለምን አታወራትም ነበር?"

"አልደፈርኩም" አለ ሐኪሙ። "እሷ ምልክት ባትሰጠኝማ እስከዛሬም አልደፍርም። መጀመሪያ ብስኩቱን ሳገኝ በአጋጣሚ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን በመጣሁ ቁጥር ሲሆን..."

"የምን ብስኩት?" አለች አክስቴ።

"በበሩ ስር የምታስቀምጪልኝ። በሶፍት ጠቅልለሽ። በኋላ እንዲያውም ሁለት፣ ሁለት..."

"እኔ? እኔ ብስኩት አስቀምጬልህ አላውቅም።"

የሐኪሙ ፊት ተለዋወጠ። እኔ ግን ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። "አንተ ነህ የበላኸው?!" ብዬ ጮህኩ። "የሲስተም ነበር! ሳጥን መሆኑን ሳላውቅ ለሲስተም ነው ያስገባሁት!"

አባቴ አየኝ። ሐኪሙን አየው። እህቱን አየ። ከንፈሩን ነከሰ፣ ጉንጩን ነፋ፣ አልሆነለትም፤ ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተዘረረና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እናቴ ተከተለችው። አክስቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ብቻ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

"ብስኩቱ" አለ ሳቁ ሲበርድ፣ አክስቴን እያየ፣ "ካንቺ ካልሆነ ልሂድ እንዴ?"

"ቁጭ በል" አለችው አክስቴ። "ኬብሉን ለብስኩት ብዬ አይደለም የነቀልኩት።"

በዓመቱ ተጋቡ። አክስቴ ይሄን ሁሉ አሁን ስትተርክልኝ ሦስት ጊዜ ነው የነቀልኩት ትላለች፤ ባሏ ደግሞ ቢያንስ ሰባት ነው ብሎ ይከራከራታል። ጋሽ አምፖልም ሳይባረር ጡረታው ደርሶ ወጣ። የግድግዳ መብራቶቹ ትክክለኛ ስማቸው ከተመዘገበላቸው በኋላ ከሲስተሙ ጋር ታርቆ ነበር፤ እንዲያውም ሽማግሌ ሆኖ "ሲስተሙን ሳልጠይቅ አልመልስልህም" የሚል አመል አመጣ።

ከሠርጉ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ምሳ ተሰብስበን ስንበላ፣ እናቴ ወጥ ልትጨምር ጓዳ እስክትገባ አባቴ ጠበቀና ወደ አዲሱ አማቹ ጠጋ አለ። ሲስተሙ በየወሩ የሚያወጣለትን የሽያጭ ሪፖርት ማንበብ ለምዶ ነበር፤ አልጋ ላይ ሳይቀር ያነበዋል።

"ስማ" አለው በሹክሹክታ። "አንድ ነገር አይቼ ገርሞኛል። ሲስተሙ ይወድቅ በነበረበት ጊዜ የሐሙስ ሽያጭ ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጥ ነበር። መውደቁን ካቆመ ወዲህ ቀነሰ።"

"እንዴት ሆኖ፣ ጋሼ?"

"የሚጠብቅ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥማ! መደርደሪያ ያያል። ለአንድ ሶኬት የመጣው ሰውዬ ሲሰለቸው የግድግዳ መብራት ያነሳል፣ ደወል ይሞክራል፣ ለሚስቱ ይደውላል። ሲስተሙ ሲነሳ ካርቶን ተሸክሞ ይወጣል።" ወደ ጓዳው በር አየና ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። "እና... በወር አንዴ፣ ለትንሽ ሰዓት ያህል ብቻ... ቢወድቅስ?"

ሐኪሙ እጁን ወደ ላይ አነሳ። "እኔ ከዚያ ሥራ ወጥቻለሁ፣ ጋሼ። ምያለሁ። እህትዎን ያነጋግሯት።"

አባቴ ወደ አክስቴ ዞረ። አክስቴ ማንኪያዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

"በየትኛው ቀን ይሁንልህ?" አለችው።